ሣጥኑ ተከፍቷል፤ ቁልፉስ?

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ የሞባይል መጠገኛ ቤት ደጃፍ ላይ ተራ ይዤ ቆሜያለሁ። ገበያ የዋለበት ቀን ስለሆነ መንገዱ በሰውና በአህያ ተጨናንቋል። ከፊቴ ጋቢ የደረቡ አንድ አዛውንት ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል። ተራቸው ሲደርስ መሐረቡን ፈትተው ለልጁ አቀበሉት። ልጁ አገላብጦ አየና አበራው። የአምራቹ ስም ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፤ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል።

«አባባ፣ ዕቃው ደህና ነው። ሶፍትዌሩ ነው የተበላሸ። ፍላሽ ይፈልጋል።»

«ሶፍት ምን አልኸኝ?»

«ውስጡ ያለው... ነፍሱ በሉት።»

«ነፍሱ ከወጣችማ ምን ቀረው ልጄ?»

«ሌላ ነፍስ እንጭንበታለን» አለ ልጁ፤ በሩ ላይ የቆምነው ሁሉ ሳቅን።

ልጁ ስልኩን በገመድ ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር አገናኘው። ጥቂት ታገለና ራሱን ነቀነቀ። «ይኸኛው ተቆልፏል። አምራቹ ካልፈቀደ ምንም አልቀበልም ነው የሚለው» አላቸው። አዛውንቱ ያን ጊዜ የተናገሩት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፦ «በገንዘቤ የገዛሁትን ማነው የቆለፈብኝ?»

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው። እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት ከመጻሕፍትና ከተማሪዎች ጋር ነው። «ስለ ኮምፒውተር ነፍስ አንተን ማን ጠየቀህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ነገር ግን ለባለሙያዎች ብቻ የተተወ ነገር ሲውል ሲያድር የሁላችንም ዕዳ እንደሚሆን በብዙ አይተናል። ደግሞስ ጥያቄው የባለሙያ ሳይሆን የባለ ንብረት ነው።

የአዛውንቱ ስልክ ነፍስ የትውልድ ሐረጉ ረጅም ነው። ስልኩ የሚሠራው በአንድሮይድ ነው። አንድሮይድ ከሥሩ ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ደግሞ በዩኒክስ አምሳል የተሠራ ነው። ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪዎች ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ የጀመሩት የኮምፒውተር ማዘዣ ሥርዓት ነው። በዚያን ዘመን አንድ ሥርዓት የሚጻፈው ለአንድ ዓይነት ማሽን ብቻ ነበር፤ ማሽኑ ሲያረጅ ሥርዓቱም አብሮት ይቀበራል። ሰዎቹ በ1973 አብዛኛውን ሥራ ሲ በተባለ ቋንቋ እንደገና ጻፉት። ከዚያ ወዲህ ዩኒክስ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው መሻገር የሚችል ሆነ።

ወሎ ለሚያውቅ ሰው ይህ መሻገር ባዕድ አይደለም። የወሎ ዑለማዎች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል፤ አጀሚ የምንለው ነው። እንደ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ያሉ ሊቃውንት የአማርኛ ግጥማቸውን ያቆዩልን በዚህ መንገድ ነው። ቋንቋው ያው አማርኛ ነው፤ የተሸከመው ፊደል ግን ሌላ ነው። ዐረብኛ የሌሉትን ድምፆች ለመያዝ ፊደሉ ላይ ምልክት መጨመር፣ ማስተካከል ነበረባቸው። ጸሐፊዎቹ ግን ማንንም ፈቃድ አልጠየቁም። ቋንቋውም ፊደሉም በእጃቸው ነበርና ከቦታው ጋር አገጣጠሙት። የኮምፒውተር ሰዎች አንድን ሥርዓት ከአንድ ፕሮሰሰር ወደ ሌላ ሲያሻግሩ የሚሠሩት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ ኢንቴል 386 ለተባለ ፕሮሰሰር የጻፈው ነው። ያን ጊዜ ወደ ሌላ ማሽን ይሻገራል ብሎ ራሱም አላሰበም። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለነበረ ግን የፈለገ ሁሉ ወደ ፈለገው ማሽን ወሰደው። ዛሬ ከኢንቴል ቤተሰብ ውጪ በሆኑ ብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ ይሠራል። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ለእኛ ጉዳይ ይጠቅማሉ። አንደኛው እንግሊዝ አገር የተወለደው አርም ነው፤ ኤሌክትሪክ ስለሚቆጥብ ስልኩን ሁሉ ወርሶታል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሪስክ-ፋይቭ ነው። የዚህኛው ልዩነት የትእዛዝ መዝገበ ቃላቱ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚገባው ቋንቋ፣ ባለቤት የሚከፈለው አለመሆኑ ነው። ማንም ያለ ኪራይ ሊገለገልበት ይችላል። ሊኑክስ በ2018 ተቀብሎታል፤ ከታላላቆቹ የሊኑክስ ስብስቦች አንዱ የሆነው ዴቢያን ደግሞ በኦገስት 2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ በይፋ ደግፎታል።

በፈረንጅ አገር እነዚህን ፕሮሰሰሮች «አማራጭ» ይሏቸዋል። ጠረጴዛቸው ላይ ያደገው ኢንቴል ስለሆነ ነው። «ክፍት ሥርዓት በአማራጭ ፕሮሰሰር ላይ ተስፋ ይኖረው ይሆን?» እያሉም ይከራከራሉ። በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በአማራ ሳይንት ግን ለብዙው ሰው የመጀመሪያው ኮምፒውተር ስልክ ነው፤ በስልኩ ውስጥ ያለውም አርም ነው። ለእኛ አማራጩ ኢንቴል ነው! ክፍት የተባለው ሥርዓት አማራጭ በተባለው ፕሮሰሰር ላይ ተሳፍሮ፣ ደሴን አቋርጦ፣ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ከገባ ቆይቷል። በመሐረብ ተጠቅልሎ በአዛውንት እጅ ይዞራል። ጥያቄው ይመጣል ወይ አይደለም፤ መጥቷል። የመጣው ግን ተቆልፎ ነው።

ክፍት የሆነ ነገር እንዴት ይቆለፋል? ሊኑክስ የሚተዳደርበት ጂፒኤል የተባለ የፈቃድ ውል አለ። ቁጥር ሁለት በተባለው እትሙ ኮዱን የሚያሰራጭ ሰው ምንጩን እንዲሰጥ ያስገድዳል። አምራቹም ሲጠየቅ «ይኸው ምንጩ፣ አንብቡት» ሊል ይችላል። አሻሽለህ መልሰህ ስልክህ ላይ ልትጭነው ስትል ግን ስልኩ የአምራቹን ማኅተም ይጠይቅሃል፤ ማኅተሙ የለህም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሦስተኛው እትም ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ሞክሮ ነበር፤ ሊኑክስ ግን በሁለተኛው ላይ ጸና። በዚያ ላይ ካሜራውን፣ ስክሪኑንና ኔትወርኩን የሚያንቀሳቅሱት ድራይቨሮች ብዙ ጊዜ ዝግ ናቸው። አምራቹ ጥቂት ዓመት ማሻሻያ ይልክና ይተወዋል። ከዚያ ዕቃው ሳይሰበር ስልኩ ያረጃል። መጽሐፍ ገዝተህ፣ ማንበብ ተፈቅዶልህ፣ የኅዳጉ ማስታወሻ ግን በአሳታሚው እጅ ብቻ ይጻፋል እንደ ማለት ነው።

ይህን ሳስብ አንድ ታሪክ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካኖች ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ለሚገኙ ማንበብ ላልጀመሩ ሕፃናት በየመንደሩ 20 ያህል ታብሌት አደለ። የሞቶሮላ ታብሌቶች ናቸው፤ ፕሮሰሰራቸው አርም፣ ሥርዓታቸው አንድሮይድ፣ መብራታቸው ከፀሐይ። አስተማሪ የለም፤ ሣጥኑ እንደታሸገ ተሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ ለዓለም እንደተናገሩት፣ አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በሳምንታት ውስጥ ልጆቹ የእንግሊዝኛ ኤቢሲዲ ይዘምሩ ጀመር። በ5 ወር ውስጥ ደግሞ አንድሮይዱን ሰበሩት፤ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። ዓለም አጨበጨበ። የኢትዮጵያ ሕፃናት ሐከር ሆኑ ተባለ።

እኔም ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ውሎ አድሮ ግን ጭብጨባው የሸፈነው ነገር ታየኝ። ልጆቹ ቁልፉን መስበራቸውን ሁሉም ተናገረ፤ ቁልፉን ማን አደረገው ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። ስጦታ ነው፣ ሥርዓቱም ክፍት ነው እየተባለ ካሜራው ለምን ዝግ ሆነ? ልጆቹስ የሰበሩትን መጠገን፣ የከፈቱትን ማስፋት የሚያስተምራቸው ማን ነበር? ታብሌቱ የሚያውቀው ፊደል እንግሊዝኛ ነው። «ያለ አስተማሪ መማር» የተባለው ነገር ከተመራማሪው ወንበር ሲያዩት ድንቅ ግኝት ይመስላል፤ ከመንደሩ ወገን ሲያዩት ግን አስተማሪ ያለመላክ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የልጆቹን ብልሃት አላናንቅም። የማናንቀውን ብልሃት ግን ለፈተና ብቻ ፈልገነው ከዚያ በኋላ ከተውነው፣ ያ የእኛ ነውር ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2008 የዚያው ድርጅት አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች 5 ሺህ ገደማ ሆነው አገራችን ገብተው ነበር። ፕሮሰሰራቸው ከተለመደው ቤተሰብ ነው፤ ሥርዓታቸው ግን ሊኑክስ ነበር፤ የግዕዝ ፊደል ያለበት የቁልፍ ሰሌዳም ተሠርቶላቸው ነበር። አሳቡ ልጁ ኮዱን ገልጦ እንዲያይ ነበር። አስተማሪው ግን ቀድሞ ስላልተዘጋጀ ላፕቶፑን የክፍል በጥባጭ አድርጎ ያየው ብዙ ነው። ኮዱ ክፍት ነበር፤ የሚገባበት ሰው ግን አልተዘጋጀም። ወንጪ ላይ በሩ ተቆልፎ የሚገባ ልጅ ነበር፤ እዚህ ደግሞ በሩ ተከፍቶ የሚያስገባ ታጣ።

ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቢያቀኑ መቅደላ አምባ አለ። እዚያ ተራራ ላይ ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ ተቀምጧል። ዐፄ ቴዎድሮስን «መድፍ ወዳድ» እያልን እናልፋቸዋለን እንጂ የጠየቁትን ልብ አንለውም። እሳቸው መድፍ ላኩልኝ ብቻ አላሉም። እ.ኤ.አ. በ1866 ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩ የጠየቁት ባለሙያና የሥራ መሣሪያ ነው። ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን ይዘው ሴባስቶፖልን እዚሁ አገር አስቀለጡት። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ብረት ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለስድስት ወር ያህል በሰው ጉልበት አስጎተቱት። በዛሬ ቋንቋ ንጉሡ የፈለጉት ምንጩን ነው። መንገዳቸው ግን እስርና ግዳጅ ነበር፤ ጥበብ ደግሞ በሰንሰለት ታስራ አትወልድም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም ንጉሡ ሲወድቁ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። የጋፋት ምድጃ በረደ። መድፉ ቀረ፤ መድፍ መሥራት ግን አልቀረም።

ይህን የምለው ዛሬ «ሪስክ-ፋይቭ መጣ፣ ነፃ ወጣን» የሚሉ ወጣቶች ስላሉ ነው። ጉጉታቸውን እወደዋለሁ። ነገር ግን የትእዛዝ መዝገበ ቃላቱ ነፃ ሆነ ማለት ቺፑ ነፃ ሆነ ማለት አይደለም። መዝገበ ቃላት የሁሉ ነው፤ ከእሱ የተሠራው ድርሰት ግን የደራሲው ሊሆን ይችላል። በሪስክ-ፋይቭ የተሠራ ፕሮሰሰር ውስጡ ዝግ፣ ማስነሻው ቁልፍ ሊሆን ይችላል፤ የሚከለክለው ሕግ የለም። ቺፑን የሚያመርተው ፋብሪካም ያለው ሩቅ ምሥራቅ እንጂ ኮምቦልቻ አይደለም። የፕሮሰሰሩ ስም ስለተለወጠ ብቻ የአዛውንቱ ጥያቄ አይመለስም።

«ቁልፉ እኮ ለጥቅማችን ነው» የሚለኝም አለ። እውነት አለው። ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ቴሌብር በስልካችን ገንዘብ ያዘዋውራል። ስልኩ ባይቆለፍ ሌባ ሌላ ነፍስ ጭኖበት ገንዘባችንን ይዞ ይሄድ ነበር። ቤትም ይቆለፋል እኮ፤ ነውር የለውም። የቤቱ ቁልፍ ግን የሚቀመጠው በባለ ቤቱ ኪስ ነው። ቤት የሸጠልኝ ሰውዬ ቁልፉን ይዞ አገሩ ከገባ እኔ ተከራይ እንጂ ባለ ቤት አይደለሁም። ባለ ቤቱን ራሱን ለይቶ የሚከፍት ቁልፍ መሥራት እንደሚቻል ደግሞ አንዳንድ አምራቾች በተግባር አሳይተዋል።

ክፍትነት ባዶ ስብከት አለመሆኑን በራሴ አይቻለሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የማስተምርበትን የቅኔና የግጥም ማስታወሻ በአንድ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ጽፌ በፍሎፒ አስቀምጬ ነበር። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ፕሮግራም «ሀ»ን በራሱ ቁጥር ነበር የሚያስቀምጠው። በአንዱ የጻፍከው በሌላው ሲከፈት የጥንቆላ ጽሑፍ ይመስላል። የፕሮግራሙ ባለቤት ሥራውን ተወ፤ ኮምፒውተሩ ተቀየረ፤ የስምንት ዓመት ማስታወሻዬ ፍሎፒው ላይ እንደተቀበረ ቀረ። ሣጥኑ እቤት አለ፤ አንዳንዴ አወጣና አየዋለሁ።

የተማሪዎቼ ልጆች ግን ይህ አይደርስባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1999 እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች በደከሙበት ሥራ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። አቢሲኒካን የመሰሉ የፊደል ቅርጾች በነፃ ተለቀቁ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ ኢንቴል ይሁን አርም ይሁን ሪስክ-ፋይቭ፣ አማርኛችንን ያነባል። ለአዲሱ ፕሮሰሰር አዲስ «ሀ» የፈለሰፈ የለም፤ ፈቃድ የጠየቀም የለም። በአንድ ቦታ በግልጽ የተሠራ ሥራ በየማሽኑ ተሻገረ። እኛ ከዚህ ክፍት ከሚባለው ዓለም ያገኘነው ትልቁ ስጦታ ይህ ይመስለኛል፤ እኛው ደግሞ ሠርተን የጨመርነው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ባለሙያ ባልሆንም ሦስት ነገር ይታየኛል።

አንደኛው ግዢ ነው። መንግሥትም ረድኤት ድርጅትም ለትምህርት ቤት ታብሌት ሲገዛ የጨረታ ሰነዱ ላይ ስለ ስክሪኑ ስፋትና ስለ ባትሪው ይጽፋል። እዚያው ላይ «ቁልፉን ታስረክባለህ ወይ? ድራይቨሩ ክፍት ነው ወይ? ማሻሻያህን ስታቆም ሌላ መጫን እንችላለን ወይ?» የሚል ሦስት መስመር ይጨመር። ሺህ ዕቃ የሚገዛ ሰው የመጠየቅ ጉልበት አለው። አዛውንቱ ብቻቸውን የላቸውም።

ሁለተኛው ያለውን መጠቀም ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል፤ አዲሱን ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተር አያነሳውም። በየቢሮው ከመጋዘን ሊገባ የተዘጋጀውን ማሽን ሊኑክስ ዓመታት ሊያሠራው ይችላል። ትምህርት ቤት ደግሞ እንደ ራዝቤሪ ፓይ ያለ መዳፍ የሚያክል ባለ አርም ኮምፒውተር ይበቃዋል፤ ሙሉ ውክፔዲያ በማስታወሻ ካርድ ጭኖ ያለ ኢንተርኔት ለአንድ ክፍል ያድላል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲቋረጥ ያየ ሰው ይህ ቅንጦት አለመሆኑን ያውቃል። ዕውቀቱን በሩቅ አገር ሰርቨር ላይ ያኖረ ተማሪ ያን ጊዜ እጁን አጣጥፎ ነው የተቀመጠው።

ሦስተኛውና ዋናው እጅ ነው። በስሙ መቅደላን የተሸከመ ዩኒቨርሲቲ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከስሙ ጋር የንጉሡን ጥያቄ ቢወርስ እንዴት ባማረ! የኮምፒውተር ተማሪ ለመመረቂያው ሌላ የሆቴል መመዝገቢያ ፕሮግራም ከሚሠራ፣ አንድ አሮጌ ስልክ ፈትቶ ሊኑክስ ቢያስነሳበት፣ አንድ የጎደለ ድራይቨር ቢጽፍ፣ አንድ ፕሮግራም ወደ አማርኛ ቢመልስ፣ ሥራው ከመደርደሪያ አቧራ ይተርፋል። ደግሞም ብቻውን አይቆምም፤ የጻፈውን ዓለም ያየዋል፣ ያርምለታል። የጋፋት ምድጃ አንድ ቦታ ስለነበረ አንድ ቀን በረደ። በብዙ እጅ የተያዘ እሳት ግን አንዱ ቢያጠፋው ከሌላው ይጫራል።

ያ የጥገና ቤቱ ልጅም ከዚህ ቁጥር ውጪ መሆን የለበትም። ዲግሪ ይኑረው አይኑረው አልጠየቅሁትም። በአሮጌ ላፕቶፕና በአንድ ገመድ የሚሠራውን ግን አይቻለሁ። አጫጭር ሥልጠና ለእሱ ቢሰጥ ለአንድ ሳይሆን ለአንድ ወረዳ ነው የተሰጠው።

አዛውንቱ በመጨረሻ ስልኩን ተቀበሉ። ልጁ ገንዘብ አልወሰደም፤ «አልሠራሁትም፣ ምን ብዬ?» አላቸው። እሳቸውም መሐረቡን ዘርግተው፣ የሞተውን ስልክ እንደ ደህና ዕቃ በጥንቃቄ ጠቀለሉት።

«ይጣሉት አባባ፣ አይጠቅምም» አለ ከኋላዬ የቆመ ሰው።

«ለምን እጥለዋለሁ?» አሉ ዞር ብለው። «ዕቃው ደህና ነው ብሎኛል እኮ ልጁ። ቁልፉ የተገኘ ቀን አመጣዋለሁ።»

ቸር እንሰንብት።